ያልፈላው ውሃ

ሰኔ 3፣ ሰኞ ጠዋት
ዛሬም ከቤት ወደ ቤት። የሦስት ወር የጤና ወኪልነት ሥልጠናችን ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀረው። ማስታወሻዬ፣ ከሠልጣኞቹ ታናሿ እኔ ነኝ። ገበሬ ማኅበሩ ሲመርጠኝ፣ ይቺ ልጅ ምን ታውቃለች ያላለ የለም። አሠልጣኛችን፣ የጤና ረዳቱ ድሬሰር ጓድ ታደለ፣ ዛሬም አስጠነቀቁን፦ ለሕፃን ያልፈላ ውሃ የሰጠ የምስክር ወረቀት አያገኝም።

ከቀኑ 10 ሰዓት
እትዬ እንጉዳይ ቤት። ልጇ ቢራራ ዓመቱ ነው፤ ሦስት ቀን ተቅማጥ። ዓይኑ ጎድጉዷል። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጬ ለቀቅሁ፤ እንደተጨማደደ ቀረ። ስኳርና ጨው በጥብጬ ላጠጣው ስል እጄን ያዘችኝ። የሰባት ቀን ጠበል ጀምሯል፣ እስኪጨርስ ሌላ ውሃ አፉ አይገባም አለች። እንግዲያው ጠበሉን እናፍላው አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው! አማተበች። ከቤት ልታስወጣኝ ምንም አልቀራት።

ወደ ንስሐ አባቷ ሮጥኩ። «አባ፣ ልጁ እያለቀ ነው፤ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው። ስኳርና ጨው ይግባበት፣ እሳት ግን አይነካውም አሉ። ከጠበሉ ምንጭ በላይ ከብት ይሰማራል። ደባርቅ ጤና ጣቢያ እንዳንወስደው ዝናቡ መንገዱን ዘግቶታል።

በጠበጥኩ። ሳይፈላ። በማንኪያ፣ በማንኪያ። ብገድለውስ?

ሰኔ 5፣ ረቡዕ
ሸና! ቢራራ ሸና! ድርቀቱ ለቀቀው። እትዬ እንጉዳይ ቀሚሷ ርሶ ትስቃለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን። ጓድ ታደለ አይስሙኝ።

ሰኔ 7፣ ዓርብ
የሥራ ሪፖርት ሙሉ ተባልን። ቅጹ ላይ «ውሃው ፈልቷል?» የሚል አለ። አብሮኝ የሚሠለጥነው አዲሱ፣ አዎ ብለሽ ተገላገይ ይላል። እሱ ምን አለበት! ሪፖርቱ እሑድ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ይነበባል። ጠበል ቀቀለች ከተባልኩ ማን በሩን ይከፍትልኛል? አልፈላም ካልኩ ደግሞ የሦስት ወር ልፋቴ ገደል ገባ። ቅጹን ያዘጋጀው ሰውዬ እዚህ አገር አልኖረም እንዴ? ተናድጃለሁ።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ
ቅጹ አሁንም ባዶ።

ጠዋት የእትዬ እንጉዳይ ጎረቤት ልጇን አዝላ መጣች። ተቅማጥ ነው፤ ጠበል አልጀመረም። ውሃ ላፈላ እሳት ስለኩስ ሳቀችብኝ። «ምን ያደክምሻል እቴ፣ የቢራራው መች ፈላ? ያው ዳነ!»

ክው አልኩ። ስንቱ ቤት ይሆን እንዲህ የሚባለው? ሁሉም ከእኔ የተማረው ይኼን ነው።

አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ሰጠኋት። ቅር እያላት ሄደች።

አሁን ጻፍኩ፦ አልፈላም። ነገ ሪፖርቱን እኔው ቆሜ አነባለሁ። ቢራራ በዕድል ነው የተረፈው እላለሁ፤ እናንተ አፍሉ እላለሁ። የምስክር ወረቀቱን ይከልክሉኝ።

ፈረምኩ።