አዲሱ በረኛና ባሌ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሦስቱም አዲስ ተጫዋቾች ገቡ። አጥቂው ከደብረ ማርቆስ፣ አማካዩ ከየጁቤ፣ በረኛው ከሞጣ። ከምሠራበት ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ቤት ሳልደርስ ቀጥታ ሜዳ ሄድሁ፤ የተማሪዎች ትራንስክሪፕት ያለበትን ቦርሳ ታቅፌ ነው የቆምሁት። ግማሹ ቢቸና እዚያ ነበር። ሙሽራ ሊያይ የወጣ ነው የሚመስለው።

በመጀመሪያው ቀን ያየሁት ይህ ነው፦

አጥቂው፦ ቁመናው ያምራል፣ ጫማው አዲስ ነው። ኳስ ሲመጣለት መጀመሪያ ጸጉሩን ይነካል። እንጠብቀው።

አማካዩ፦ አጭር፣ ዝምተኛ። ልምምዱን ሙሉ ሮጦ ውኃ የጠየቀው አንዴ ነው። ይህን ልጅ ወድጄዋለሁ።

በረኛው፦ ኑረዲን። ሃያ ሦስት ዓመቱ።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። በረኛችን ባሌ ነው።

ባያብል ጎላችን ላይ ከቆመ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። እሱም ያኔ ከሞጣ የመጣ አዲስ ፈራሚ ነበር። እኔ ደግሞ ከሜዳው ዳር «ይሄ ቀጫጫ ምን ሊይዝ ነው» ብዬ የጮህሁ ኮረዳ። አራት ጨዋታ ምንም ሳይገባበት ሲቀር አፌን ዘጋሁ። በሁለተኛው ዓመት አገባሁት። ሰው ሁሉ ለባሌ ብዬ ሜዳ የምሄድ ይመስለዋል። ቡድኑን ከባሌ በፊት ነው የማውቀው።

ክለቡ የሚይዘው ሁለት በረኛ ብቻ ነው። አሁን ሦስት ሆነዋል። የባያብል ተጠባባቂ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ስለሆነ ማንም አይነካውም። ቅዳሜ ሞጣ ላይ የወዳጅነት ጨዋታ አለ፤ አሰልጣኙ ያንን አይቶ ሰኞ ዝርዝሩን ይለጥፋል። ከሁለቱ አንዱ ይወጣል ማለት ነው። ባያብል ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሌላ ሥራ ይዞ አያውቅም፣ ሌላ ነገርም ሲያምረው አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው የማላውቀውን ዛሬ ልጻፈው። ደጋፊው በቴሌግራም የሚያነበው «ተመልካቹ» የሚባለው ሰው እኔ ነኝ።

ይህን የሚያውቀው ጥላሁን ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ የደጋፊዎችን ቻናል የከፈተውም እሱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የፈተና ወረቀት እስኪያባዛልኝ ከአንድ ደንበኛው ጋር ስለ ተከላካዮቻችን ስከራከር ሰማኝና ይህን ለምን አትጽፊውም አለኝ። ጻፍሁ። ስም የለም፣ ፎቶ የለም። እኔ እልክለታለሁ፣ እሱ ይለጥፈዋል። ከተማው ወንድ ነው ብሎ ወስኗል። አንዳንዱማ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው ይላል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ነሐሴ ላይ ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚያስፈልገን ጻፍሁ። ሦስት ነገር፦ አጥቂ፣ አማካይ፣ በረኛ። የባያብልን ስም አላነሣሁም። «በግራ በኩል ዝቅ ብለው የሚመጡ ኳሶች ዘንድሮ ስንት ነጥብ አሳጡን?» ነው ያልሁት። ጎሉ ላይ የሚቆመው አንድ ነው፣ ስም ምን ያስፈልጋል። የክለቡ ኮሚቴዎች ጽሑፉን አትመው ስብሰባ ላይ እንዳነበቡት በኋላ ጥላሁን ነገረኝ። ይኸው ያዘዝሁት ሁሉ መጣልኝ።

ያን ጊዜ ባያብል ጽሑፉን ጮክ ብሎ አንብቦልኛል። እኔ ልብስ እያጣጠፍሁ ነበር። ሲጨርስ «ይህ ሰው ኳስ ያውቃል» አለና ስልኩን አስቀመጠ። አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጣጠፍሁት።

ዛሬ ጥላሁን ደወለ። ስለ አዲሶቹ ሰው እየጠየቀ ነው፣ እስከ ነገ ላኪልኝ አለ። የምዝገባ ሥራ በዝቶብኛል አልሁት። ምዝገባ ያለቀው መስከረም ላይ ነው፤ እሱም ያውቃል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

የሚካኤል ዕለት። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሜዳው በኩል ዞርሁ።

ኑረዲንን ላለማየት አማካዩን አያለሁ ብዬ ነበር። ዓይኔ እንቢ አለኝ። ይህን ማንም ስለማያነበው እውነቱን ልጻፍ።

ሲወድቅ አይሰማም።
ለሁለቱም ጎን እኩል ነው።
አንዴ የያዘውን ኳስ አይለቅም።
ጎል ሲገባበት ማንንም አይወቅስም፤ ኳሷን ራሱ አምጥቶ ያቀብላል።

አንድ ጉድለት አለው፤ አይናገርም። ተከላካዮቹን አይጠራም። አንዲት ኳስ በእሱና በተከላካዩ መሃል ወደቀች፤ ሁለቱ ሲተያዩ አጥቂው ገፋ አድርጎ አገባት። እኔም ደስ አለኝ። በረኛችን ላይ ጎል ሲገባ ደስ ሲለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ቤት እስክገባ ድረስ በራሴ አፈርሁ።

ባያብልስ? በግራው በኩል ሁለት ገባበት። በሁለቱም ወደቀ፤ በሁለቱም አልደረሰም። ሲነሣ ጓንቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያያል፤ ጓንቱ የበደለው ይመስል።

ምሳ ላይ «ተመልካቹ» ስለ አዲሶቹ አልጻፈም እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁም አልሁት። ስልኩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ተመልሶ ይከፍታል። ሽሮው ቀዘቀዘበት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ክለባችን ተጫዋች የሚያሳድርበት ካምፕ የለውም። አዲስ ተጫዋች ቤት እስኪከራይ ድረስ ምሳውን ደጋፊ በተራ ነው የሚያበላው። ሐሙስን የመረጥሁት ጾም ስላልሆነ ነበር። ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ የሚደለድለው የደጋፊዎች ማኅበሩ ጸሐፊ ነው። ዛሬ ጠዋት ደወለና «በረኛው የናንተ ነው» አለኝ። አስቦበት ይሁን ሳያስብበት አልገባኝም።

የእኛን ሥጋ ስለማይበላ ሽሮ፣ ድንች ወጥና እንቁላል ሠራሁ። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር። ጫማውን ደጅ አውልቆ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ባያብል ራሱ ተነሥቶ አስታጠበው። ሁለት ጊዜ ጨመርሁለት፤ ሦስተኛውን ፈልጎ ነበር፣ አፍሮ ተወው። ሁለቱ የአንድ ሰፈር ልጆች ሆነው ተገኙ። ሞጣ ውስጥ የማን ቤት ፈረሰ፣ የማን ልጅ አገባ፣ የድሮው ሜዳ ምን ሆነ፤ እኔን ረሱኝ። እንዴት አድርጌ ልጥላው?

ከዚያ ባያብል ወደ ኳሱ ገባ።

«መያዙን ትይዛለህ» አለው። «ግን ለምን ዝም ትላለህ? ተከላካዮችህን በስማቸው ጥራቸው።»

«ጋሼ፣ ታላላቆቼ ናቸው። መጮህ ያሳፍረኛል።»

«ጎል ሲገባብህ አያሳፍርህም?»

ተነሥቶ ወደ ግቢ አወጣው። የተከላካዮቹን ስም እየነገረ እንዲጮህ አደረገው። ልጁ መጀመሪያ ለራሱ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ባያብል ከልብስ ማስጫው ሥር ቆሞ አልሰማሁም ይለዋል፣ ይደግማል፣ አሁንም አልሰማሁም ይለዋል። መጨረሻ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ምን ገጠማችሁ ብለው በአጥር በኩል ብቅ አሉ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ በር ላይ ሰሃን ይዤ ቆሜያለሁ። ልጁ ያለችው ጉድለት ያችው ነበረች። ባሌ በገዛ እጁ ደፈነለት።

ከሄደ በኋላ ለምን እንዳስተማረው ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ሰሃኑን አጠብሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሁለት ጊዜ ጻፍሁ፣ ሁለት ጊዜ አጠፋሁ።

የመጀመሪያው፦ አዲሱ በረኛ ገና ልጅ ነው፣ ዘንድሮ ከተቀያሪ ወንበር ቢማር ይሻላል። ውሸት። አምና ለጥቂት ነው ወደ ላይኛው ሊግ ከማደግ የቀረነው፤ ዘንድሮም በዚያው ግራ በኩል ሊገባብን ነው? በዚህ ቡድን ላይ እንዲህ ያለ ውሸት ጽፌ አላውቅም።

ሁለተኛው እውነቱ ነበር። መልሼ ሳነበው ግን የሰማሁት የባያብልን ድምፅ ነው፤ እንደ ነሐሴው ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ። አጠፋሁት።

ጥላሁን ጋ ሄጄ ሌላ ሰው ይጻፍ አልሁት። ሌላ ሰው ቢጽፍ አያምኑትም አለ። ኮሚቴዎቹ ዛሬ ሁለቴ ጠይቀውታል፤ ሰውም ተመልካቹ ታመመ ወይ ማለት ጀምሯል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ባልሽ መሆኑን ረስቼ አይደለም አለኝ።

ቤት ስገባ ባያብል ጓንቱን በሳፋ እያጠበ ነበር። ቀና ሳይል ተናገረ።

«ያ ሰውዬ ለእኔ ብሎ ነው ዝም ያለው። እሱ እንኳ ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር። አሰልጣኙ ያባብለኛል፣ ጓደኞቼ ያባብሉኛል።»

እኔን አልጨመረኝም። ሊጨምረኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ይህን የምጽፈው ከሞጣ ስንመለስ፣ ግንደ ወይን ላይ የደጋፊዎች መኪና ጎማ እስኪቀየር ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የተጫዋቾቹ መኪና ቀድሞን አልፏል። አንድ ለአንድ ወጣን።

የመጀመሪያውን አጋማሽ ባያብል፣ ሁለተኛውን ኑረዲን እንዲጫወት ተደረገ። ባያብል ሲገባ የሞጣ ሰው በስሙ ጠራው፣ አጨበጨበለት። ጥሩ ጀመረ። አንድ የማዕዘን ምት ከሦስት ሰው ጭንቅላት ላይ በቡጢ ሲያወጣ ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ በረኛ እንዲህ ነው አሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ከዚያ ያቺ መጣች። በግራ፣ ዝቅ ብላ። የሞጣው አጥቂ እግሩን ሲያነሣ ነው ያወቅሁት፤ ገና ሳይመታት። ከነበርሁበት ሆኜ ውደቅ አልሁ፣ በልቤ። ሲወድቅ ኳሷ መረቡ ውስጥ ነበረች።

አጥቂያችን ከዕረፍት በፊት አቻ አደረገን። ለካ ጸጉሩን ሳይነካም ማግባት ይችላል።

በሁለተኛው አጋማሽ ሞጣዎች ኑረዲንን ጥሎን ሄደ ብለው አፏጩበት። እሱ ደግሞ መጮህ ጀመረ። እያንዳንዱን ተከላካይ በስሙ፣ ሳያቋርጥ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝ፣ ልቀቃት። የቃል አጣጣሉ ሳይቀር የባያብል ነው። ሊያልቅ ሲል ያቺኑ ኳስ መቱበት፤ በግራ፣ ዝቅ ብላ። ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ አወጣት።

ዘልዬ ተነሣሁ። ጮህሁ። የማላውቃትን ሴት አቀፍኋት። ስቀመጥ ወደ ተቀያሪ ወንበሩ አየሁ። ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ ጎሉን ያያሉ፤ ባያብል እኔን ያያል።

ጎማው ተቀየረ። እየጠሩን ነው። ቤት ስገባ ምን እንደምለው አላውቅም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ትናንት ስገባ ተኝቶ ነበር፤ ወይም የተኛ መስሎ ነበር።

ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ ተቀምጬ ሳላጠፋ ጻፍሁ። አጥቂው፦ ጊዜ ይሰጠው፣ ያገባል። አማካዩ፦ ኳስ ከዚህ ልጅ እግር ሲወጣ ሰው አይደነግጥም። በረኛው፦ አንደኛ በረኛችን ኑረዲን ነው፤ ይህን ትናንት ሞጣ ላይ የነበረ ሁሉ አይቷል። ለጥላሁን ላክሁት። ወዲያው ለጠፈው።

ባያብል ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አነበበው። እኔ ከበሩ ውስጥ ቆሜ ጀርባውን አያለሁ። ጨረሰና ወደ ላይ መልሶ እንደገና አነበበ።

«ስለ እኔ አንድ ቃል የለም» አለ።

አለመጻፌ ደግነት መስሎኝ ነበር።

«ክፉም የለም፣ ደግም የለም» አለ። «ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆሜ።»

ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ባዬ፣ የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ወይም ይስቅብኛል፤ ወይም ተነሥቶ ይሄዳል። ስልኩን ገልብጦ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«የነሐሴውንም?»

«የነሐሴውንም።»

እትዬ ዘውዴ ከአጥሩ ወዲያ እንዴት አደራችሁ አሉ፤ ሁለታችንም እግዚአብሔር ይመስገን አልን።

«እንግዲያው ያልጻፍሽውን ንገሪኝ» አለኝ።

ነገርሁት። በግራ እንደሚዘገይ፣ ያንን ስለሚያውቅ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ቀድሞ እንደሚቆም፣ በዚህ ምክንያት አሁን ቀኙም እየተከፈተ እንደሆነ። የማዕዘን ምት ላይ እንደሱ ያለ በዚህ አካባቢ እንደሌለ። ትናንት ሜዳ ላይ የሰማሁት ድምፅ የእሱ እንደነበረ። መጥፎውን ስነግረው ራሱን ይነቀንቃል፤ ጥሩውን ስነግረው መሬት መሬት ያያል። አላባበልሁትም። ሲያልቅብኝ ማልቀስ ጀመርሁ፤ እሱ አላለቀሰም።

ዝርዝሩ ነገ ይለጠፋል። ስለ ዝርዝሩ ምንም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ከመቼ ጀምሮ ነው የዘገየሁት አለኝ።

«ከአምና» አልሁት።

«አንድ ዓመት» አለ። ትንሽ ቀለል ያለው መሰለኝ። ተነሥቶ ጓንቱን ከማስጫው አወረደ፤ ደርቆ እንደሆነ በጉንጩ ነካ አደረገው።

ካቻምናም ያው ነበር። እሱን ልነግረው አልቻልሁም።