የእኔ መቀየሪያ

ሐሙስ፣ ኅዳር 17 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለነገ እንግዶች በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ የዘረጋናት ትንሿ ባቡር ዛሬ ስትሞከር ከሐዲዷ ወጥታ ተገለበጠች። ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግራትን መቀየሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ወዲያና ወዲህ የሚለውን ምላሱን ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ሞርጄ አወጣሁት። ሠሪውን ለእንግዶች በሚያስተዋውቀው የብረት ሰሌዳ ላይ ግን የክፍል ጓደኛዬ የተስፋዬ ስም ተጽፏል። እሱም የሠራው ይመስል «ይወዛወዛል» ብሎ ምላሱን በሚስማር ቸነከረው! የተቸነከረ ምላስ ባቡር ያዞራል?

ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ።

«በይ የኔ ልጅ፣ ነገ እንዳንዋረድ ቶሎ አስተካክዪልን።»

«ስሜ ይጻፍና አስተካክላለሁ።»

«የሴት ልጅ ስም ብረት ላይ? እንግዶቹ ይስቁብናል እኮ!»

ተስፋዬ ከኋላቸው ሆኖ «ጥልፍ ላይ ይጻፍላት» አለ። ሁለቱም ሳቁ።

ወጣሁ። ሚስማሩን ነቅዬ፣ ምላሱን ይዤ፣ በጓሮ በር አድርጌ ቤቴ ገባሁ።

አባባ እዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናቸው። ከሥራ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አምጪውና ልመልስላቸው። እንጀራዬን ልታሳጪኝ ነው?»

አንጀቴን በሉት። ግን አልሰጠኋቸውም።

«ነገ ራሴ እመልሰዋለሁ፣ አባባ።»

እመልሰዋለሁም። እንግዶቹ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ፣ አፈሩ ላይ ተንበርክኬ፣ ዓይናቸው እያየ እገጥመዋለሁ። ከዚያ ማን እንደሠራው ራሳቸው ይጠይቁ።

አባባን ምን እንደሚያደርጓቸው ግን አላውቅም። አሁንም በረንዳው ላይ ይንጎራደዳሉ።