ለአንድ ጉርሻ የሚሆን ቦታ

አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለመሰለች
ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ሊዲያስ ከወሊዱ በደንብ ጠናች? የልጅ ልጃችን ሚራክል ጥርስ ማውጣት ጀመረች ወይ? እኔ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ከምድር ቤት ያለው ሾፌሩ ቀናው ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ “ደህና ነህ ወይ?” ብለሽ ጠይቀሽ መልሱን ሳትሰሚ ስልኩን ለሕፃኗ ስለምታቀብያት ነው። ለእሷ ደግሞ ቁም ነገር አይነገራትም። ወረቀት ከሆነ ቢያንስ ለሌላ ሰው አታቀብይውም ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጤናዬ። ኦፕራሲዮኑን ካደረግሁ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። አንቺ እንደፈራሽው ሆዴን ከላይ እስከ ታች አልሰነጠቁትም። በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው የጨጓራዬን አብዛኛውን ክፍል ቆርጠው አወጡት፤ የቀረው ከአንድ ሙዝ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ነገሩ በደረጃ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ውሃና ቀጭን ሾርባ፣ ቀጥሎ እንደ ሕፃን የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ነገር። አንዱን ክፍል ሳያልፉ ወደሚቀጥለው መዛወር የለም። ለእኔ ይህ በጣም ግልጽ ነው።

ስኳሬ ወርዷል፣ መርፌውንም ዶክተሩ አስቁሞኛል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ሰው የምጠብቅ መስዬ ትንፋሼን የምሰበስበው ነገር ቀርቷል፤ አሁን ሳላርፍ ቤቴ ድረስ እወጣለሁ። ፀጉሬ ረግፏል፣ ብርድም አልችልም፤ ያልፋል ብለውኛል። ፊቴ ስለከሳ “ጋሼ” ይለኝ የነበረው የታክሲ ረዳት አሁን “አባባ” ይለኛል። ሰው ሲከሳ ዕድሜው የሚጨምርበት ምክንያት አልገባኝም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ሰፈሩ ስከሳ ያያል፤ አንቺን አያይም። ሁለቱን ደመረና “መሰለች ጥላው ሄዳ ሰውየው በረሃብ እያለቀ ነው” የሚል መልስ አወጣ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሳህን ነው። ገንፎ፣ ዳቦ፣ ቅቅል፣ አንድ ጊዜ ሙሉ ድፎ ዳቦ። ለእያንዳንዱ ቁጭ አድርጌ፣ ሐኪም ያደረገው መሆኑን፣ የጨጓራውን ቅርጽ ሳይቀር ሥዬ አስረዳሁ። አንገታቸውን ነቅንቀው ይሰሙኝና ሲወጡ ደረጃው ላይ “አይ ምስኪን” ይላሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር እንደዚህ አስቸጋሪ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም።

የእድራችን ዳኛ ጉተማ እንኳ፣ ሆስፒታል አብሮኝ አድሮ ሁሉን በዓይኑ ያየ ሰው፣ ባለፈው ሳምንት ኮቱን ለብሶ መጣ።

“መምህር፣ እኛ እንደ ወንድማማች ነን” አለኝ።

“ነን።”

“ለወይዘሮ መሰለች ሽማግሌ እንላክ እንዴ?”

“ለምን?”

“ያው፣ እንድትመለስ ነዋ።”

“ልጇን ልታርስ ነው እኮ የሄደችው።”

“ሕፃኗ ክርስትና ከተነሣች ቆየች፣ መምህር።”

“አራሷ ገና አልጠናችም” አልኩት።

“እንግዲህ ክረምቱ ወጥቶ ያልጠናች አራስ” ብሎ ጣሪያውን አየ። ፖሊስ ቢሆን ኖሮ ያዋጣው ነበር። ሽማግሌ እንዳይልክ ነግሬዋለሁ። ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው፤ እኛ አልተጣላንም። ከተጣላን ቀኑን ንገሪኝ፤ እኔ አላስታውስም።

ከሁሉ የባሰችው ግን ሚስቱ ዳሲቱ ናት። ባለፈው እሑድ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ይዛ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠችና እጇን ታጠበች። ሳህን ይዞ የመጣ ሰው ሳያስቀምጠው እጁን ከታጠበ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ታውቂያለሽ።

“ጋሽ ወልዴ፣ ከእጄ ይቅመሱ።”

“ዳሲቱ፣ ቂጣ አልተፈቀደልኝም።”

“ቅቤው ራሱ ያወርደዋል። በሞቴ።”

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይደረጋል? ጎረስኩ። እንደታዘዝኩት ውሃ እስኪሆን አላምጬ አወረድኩት። በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍልሽም ነበር። ግን እንደምታውቂው ጉርሻ በአንድ አያበቃም።

“አንድ ብቻ አጉርሼዎት ልሂድ? ልንጣላ ነው እንዴ?” አለችና የፊተኛው ገና መንገድ ላይ እያለ ሁለተኛውን አስከተለችው።

ደረቴ ላይ ቆመ። ላብ አጠመቀኝ፤ መተንፈስም መናገርም አቃተኝ። ተነሥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። እኔ እዚያ አጎንብሼ ስሠቃይ እሷ ከበሩ ውጭ ሆና “ውሃ ይጠጡበት፤ ኧረ ጀርባዎን ልምታልዎት፤ መሰለች ምን ትለኛለች” ትላለች። ውሃ ከምግብ ጋር እንደማይጠጣ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። የገባው እንዳገባቡ እስኪወጣ አልተውኩም፤ እሷም አልተወችም።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ምንም አልተጎዳሁም። ዶክተሩ ግን ኮስተር ብሎ “ማን ነው ያጎረሰዎት?” አለኝ።

ይህ ሰው “ማን” ብሎ መጠየቅ ይወዳል። ትዝ ይልሻል፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለታችንም ፊቱ ተቀምጠን “ማን ነው የሚያበስልልዎት?” አለኝ። ባለቤቴ አልኩት። ምን ምን እንደምትሠሪ ጠየቀኝ፤ በየተራ ነገርኩት። ሦስተኛ ጭልፋ እንደምትጨምሪልኝም ተናገርኩ። የተጠየቅሁትን መመለስ ልማዴ ነው። አንቺ ግን ከዚያ እስከ ገላን በታክሲው መስኮት ወደ ውጭ እያየሽ መጣሽ። በማግስቱ ሻንጣሽን አወረድሽ፤ ሊዲያ ልትወልድ ገና ወር ይቀራት ነበር።

ቆይቼ ሳስበው ጥያቄው ራሱ ስሕተት ነበረበት። መጠየቅ የነበረበት ማን ያበስላል ብሎ ሳይሆን ማን ይበላል ብሎ ነው። ከዚያው ድስት የበላሽው አንቺ ዛሬም ቀጭን ነሽ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የድስቱ ሊሆን አይችልም። ይህንን ለዶክተሩ በዝርዝር አስረዳሁት። ሣቀና ቀስ ብዬ እንዳላምጥ አሳሰበኝ። ጥያቄውን ግን አላረመም። ስለዚህ እኔ አርሜ ልኬልሻለሁ።

ሌላው ደግሞ፣ አሁን ሽሮና ለስላሳ እንጀራ በትንሹ ተፈቅዶልኛል። እኔ የምሠራው ሽሮ ይጓጉላል። አማስላለሁ፣ እሳቱን እቀንሳለሁ፣ ይጓጉላል። የጎረቤቱ አይጓጉልም፤ ግን ሽሮ አይደለም። የቆረጡት ጨጓራዬን ነው፤ ምላሴን አልነኩትም። ትልቁን ድስትሽን ዳሲቱ ልዋሰው ብላ ነበር፤ ባለቤቱ ስትመጣ ጠይቂ ብያታለሁ።

ቀናው ዓርብ ወደዚህ ይመለሳል። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። በመንገድ ላይ እንደማይሮጥም ቃል አስገብቼዋለሁ። ሊዲያ ገና ካልጠናች ነይ አልልሽም፤ አንቺው ታውቂያለሽ።

አምላክ ሊዲያን ያጠንክርልን፤ ሚራክልን በሞገስ ያሳድግልን። አንቺንም ከመንገድ ክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ።

ባለቤትሽ
ወልደየሱስ

ማሳሰቢያ፦ ስለ ጉርሻ ደንቡን አስቀድሜ ላሳውቅሽ። ዳሲቱን ከእንግዲህ በሞቴ ብትል ለቀብሯ እንደምገኝ ነግሬያታለሁ፤ የሌላውንም ሰው ሁሉ እምቢ ብያለሁ። አሁን በአንድ ማዕድ ብዙ ቦታ የለኝም፤ ያለኝን ለማንም አልሰጠሁም። የአንቺ ጉርሻ ደግሞ ትልቅ ነው፤ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ነግሬሻለሁ፤ ማሳነስ ይኖርብሻል። በአንድ እንደማታቆሚ አውቃለሁ፤ አቁሚም አልልም። ሁለተኛውን ግን ቆየት ብለሽ ነው። እስከዚያ ከማዕዱ ሳልነሣ እጠብቃለሁ።