ከደንበኞቼ ቀድማ ቁርሷን ስለምትበላው መኪና

ለወረዳችን ከጭስ ነፃ መንገዶች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ሁሉም ደህና ናቸው? አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ቢሮዎን ሙቅ፣ መብራትዎንም የማይቆራረጥ ያድርግልዎ። ይህን ሁሉ የምመኝልዎ ከቀዘቀዘ ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ስለሆነ፣ ምኞቴ ከልብ መሆኑን እንደማይጠራጠሩ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሀጂራ እባላለሁ። ሸጎሌ፣ ከከብት ገበያው ወደ ታክሲ ማዞሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፉልና ሳምቡሳ የሸጥኩ ባለ ቁርስ ቤት ነኝ። ደንበኞቼ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው በሬ ሲጎትቱ፣ በግ ሲያገላብጡ የሚያረፍዱ ነጋዴዎች ናቸው፤ ለእነዚህ ሰዎች ፉሉ አልደረሰም ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ክቡርነትዎ አንድ ቀን እኔ ቦታ ቆመው ቢነግሩልኝ ደስታውን አልችለውም ነበር።

ባለፈው ሰኔ ሁላችንንም ሰብስበው መንገዳችን ከጭስ ነፃ እንደሚሆን፣ ከሰል ደኑንም ሳንባችንንም እየጨረሰ መሆኑን ሲያስረዱን ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። አልዋሽም፤ የከሰሉ ጭስ ስንት ዓመት ሲያስለኝ ኖሯል፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። ሁለቱን የከሰል ምድጃዎቼን በገዛ እጄ አስረክቤ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። የምስክር ወረቀቱ ባለ መስታወት ፍሬም ነው፤ ከተቀበልኳቸው ሁለት ነገሮች እስካሁን ሳይቋረጥ የሚሠራውም እሱ ነው።

ይሁን እንጂ ባለፈው ሰኞ ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ከጓሮዬ አንድ የከሰል ምድጃ አገኙ። ምድጃውን ኤግዚቢት ብለው ወሰዱት፤ ቁርስ ቤቱ በሰባት ቀን ውስጥ እንደሚታሸግ የሚያስታውቀውን ወረቀትም፣ ክቡርነትዎ እኔው ቤት ፉል ሲበሉ ከተነሡት ትልቅ ፎቶ ሥር፣ በራፌ ላይ ለጥፈውልኝ ሄዱ። አሁን ሦስት ቀን ቀርቶኛል። ቤቱ ከታሸገ እኔና ሁለቱ ሴት ልጆቼ የምንበላው የለንም፤ ስለዚህ አቤቱታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ሪፖርቱን ሲያነቡልን ተረድቻለሁና።

አንደኛ፦ ቀንቻለሁ። እናቴ ምቀኝነት ሐራም ነው እያለች ያሳደገችኝ ሴት ነኝ፤ በሰው ወርቅም በሰው ባልም ቀንቼ አላውቅም። አሁን ግን፣ ወላሂ፣ በመኪና ቀናሁ! ጎረቤቴ ኢታና፣ መለዋወጫ ዕቃ የሚሸጠው፣ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። በየጠዋቱ ከቤቴ ፊት ለፊት በተከፈተው የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ያቆማታል፤ ጣቢያውና የእኔ ምድጃ ደግሞ የሚካፈሉት አንድ ትራንስፎርመር ነው። እሷ በተሰካች ቁጥር አምፖሌ ይደክማል፣ ምድጃዬ ለብ ብሎ ይቀራል፣ ባቄላው ድስቱ ውስጥ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። ለእሷ ጥላ ተሠርቶላታል፣ ዘበኛ ተቀጥሮላታል። ዘበኛው ሐብታሙ አቧራዋን በጨርቅ ሲጠርግላት አያለሁ፤ እኔን ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ደክሞሽ ይሆናል ብሎ ወንበር የሳበልኝ ሰው የለም። ፉሉ ሳይበስል አንጀቴ አረረ።

ሁለተኛ፦ መኪና ቻርጅ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ያህል ይቆማል። ቆሞ የሚጠብቅ ባለመኪና ይርበዋል፣ የራበውም ሰው ወደ እኔ ገብቶ ትኩስ ፉል ያዛል፤ እኔም መኪናዎ እየበላች ስለሆነ እርስዎን ማብላት አልችልም ብዬ እመልሳለሁ። መኪናዋ ስትጠግብ ምድጃዬ ነፍስ ይዘራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰውየው ረፈደብኝ ብሎ ይነሣና ሌላ መኪና በቦታው ይተካል። ኢታና ራሱ አንድ ቀን ባዶ ሳህን ፊት ተቀምጦ፣ ሀጂራ ምነው እንዲህ ሰነፍሽ ቢለኝ፣ በመስኮት መኪናውን አሳየሁት። አያትና ፊቱ በራ፤ አማረች አይደል ብሎ ጠየቀኝ። አማረች። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ሦስተኛ፦ ለጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ሁለት ጊዜ ባለሙያዋ ስብሰባ ላይ ናት ተብዬ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ጣቢያው የትራንስፖርት ዘርፍ በመሆኑ ቅድሚያ እንዳለው፣ እኔ ግን የምግብ ዘርፍ በመሆኔ የሚመለከተኝ ሌላ ቢሮ እንደሆነ በታላቅ ትሕትና ተነገረኝ። ባለሙያዋ አላህ ይስጣት፣ መብራቱ ጠንከር በሚልበት ሰዓት ብሠራ እንደሚሻለኝም መከረችኝ፤ ሰዓቱም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቁርስ የሚበላ ሰው የሚያውቁ ከሆነ እባክዎ ይላኩልኝ።

አራተኛ ቁጥር የለኝም፤ ልመና ግን አለኝ። ሌላ ትራንስፎርመር ይተከልልን ብዬ አላስቸግርዎትም፣ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። የሚቻል ከሆነ እኔም መኪና ተብዬ ልመዝገብ። እርግጥ ጎማ የለኝም፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቦታ ቆሜያለሁና ማቆሚያ አይነፈገኝም ብዬ አስባለሁ። ይህ ከከበደዎ ደግሞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት መኪኖቹ ትንሽ ይታገሡን። መኪና ይታገሣል፤ በሬ ሲጎትት ያረፈደ ሰው ግን አይታገሥም፣ ጥሎኝ ይሄዳል፣ ስንቱም ሄዷል።

አንድ ነገር ያለ ቀልድ ልናገር። ወደ ከሰል መመለስ አልፈለግኩም። ሳሉ ትቶኝ ነበር፣ አሁን ተመልሷል። ያንን ምድጃ ጓሮዬ ያቆየሁት ሕግ ንቄ ሳይሆን ደንበኞቼ ወደ ሌላ ቤት ሲገቡ በዐይኔ እያየሁ መቀመጥ አቅቶኝ ነው።

ለንጹሑ አየር፣ ለመስታወቱ ፍሬም፣ አንድ ቀን ሊበቃ ሲችል በለጋስነት ለሰጡኝ ሰባት ቀናት፣ በጣቢያውም ምርቃት ዕለት ደጄን ረግጠው ስላከበሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ውሳኔዎንም መብራቱንም በእኩል ትዕግሥት የምጠባበቅ፣
በማዕረግ ከመኪና በታች የሆንኩ አክባሪዎ፣
ሀጂራ ኑሕ
ባለ ቁርስ ቤት (እስከ ሰኞ)፣ ሸጎሌ፣ ጉለሌ

ማስታወሻ፦ ልረሳው ነበር። በራፌ ላይ ያሰቀሉት ፎቶ ሥር ‹ያለ ጭስ የበሰለ› ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። የጣቢያው ምርቃት ዕለት ግን ለልምምድ ተብሎ ገና በማለዳው አምስት መኪና በአንድ ጊዜ ስለተሰካ ምድጃዬ አልሞቅ አለኝ። እንግዳ ቤቴ ገብቶ ሳይበላ ሊወጣ ነው ብዬ ስጨነቅ፣ እህቴ ሀያም የራሷን የከሰል ምድጃ ከቁስቋም በታክሲ ይዛልኝ ደረሰች፤ ምርቃቱም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ በመጀመሩ ፉሉ በደንብ በሰለ። ክቡርነትዎ በኤሌክትሪክ የበሰለ ፉል ጣዕሙ ለየት ይላል ብለው ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። አሁን እርስዎ ዘንድ ኤግዚቢት ሆኖ የተቀመጠው ምድጃ ያው ነው። ስለዚህ ሰኞ የሚያሽጉትን ልጆች ሲልኩ መጀመሪያ ፎቶውን እንዲያወርዱት ይንገሩልኝ፤ አለዚያ በታሸገው በር ላይ፣ በከሰል የበሰለ ፉል አፍዎን ሞልቶት የሚቀሩት እርስዎ ነዎት።