አንገቱን የደፋው ውሻ

ወንድሜ መንገሻ፣ ሰላም ለቤትህ ይሁን!

እኛ ሰፈር ውሻ የሚሮጠው ድንጋይ ሲወረወርበት ነው። እዚህ ፈረንጅ አገር ካልጋሪ ግን የጨርቅ ጥንቸል ሲያባርር በቲቪ እያዩ ይወራረዱበታል። የእህቴ ልጅ ኪራኮስ «ጋሼ፣ እኔ ሲስተም አለኝ፤ ከሩጫው በፊት የሸና ውሻ ይቀለዋል» አለኝ። እኔ አንገቱን የደፋውን መረጥኩ። የኔው ከቀደመ ኪራኮስ እሁድ ሊያስቀድስ ተስማማን፤ ከቤተክርስቲያን ከራቀ ቆይቷልና። ውሾቹ ሲለቀቁ ሳላስበው «ገብርኤል፣ ይሄን ውሻ ብቻ አስቀድምልኝ፤ ጧፍ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ለውሻ! ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ብትሰማ ምን ትለኝ ነበር? ውሻው ቀደመ። ኪራኮስም እያዛጋ እስከ መጨረሻው ቆሞ አስቀደሰ።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እትዬ ገበያነሽን ሰላም በልልኝ። ጧፉን ለሰፈራችን ገብርኤል አስገባልኝ፤ ቄሱ ከጠየቁህ የወንድሜ የወልደየስ ስለት ነው በል፤ ስለ ውሻው ግን ትንፍሽ እንዳትል።