ጆሮዋ ይታይ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ትንሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽና ልጆቹስ? እኔ ያው አለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍ እጄ እምቢ አለኝ። ደኅና አይደለሁም እንዳልል ደግሞ ለማን ልንገረው? እስከ ዛሬ ሆድ ሲብሰኝ የምነግረው ለአንቺ ነበር።

ደጋግመሽ እንደደወልሽ አይቻለሁ። ያላነሣሁት፣ እኔ ስጮህ አንቺ ስለምታለቅሺ፣ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ ይቅርታ ጠያቂው እኔ ስለምሆን ነው። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም።

ፎቶ ቤት የመሄዱ ሐሳብ ያንቺ ነበር። ልጅህ አድጋ ልታመልጥህ ነው፣ አንድ እንኳ አብራችሁ የተነሣችሁት ፎቶ የለህም አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ከእናቷ ጋር ከተለያየን ወዲህ የማገኛት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ስልኬን ወደ እሷ ባዞርኩ ቁጥር ደግሞ ቀሚሷን ገልባ ፊቷን ትሸፍናለች። ስልኬ ውስጥ ያለኝ የልጄ ፎቶ ሁሉ ማጅራት፣ ክርንና የሚሮጥ ጀርባ ነው።

ቀጠሮ ያስያዝሽው አንቺ፣ ሸሚዜን የመረጥሽው አንቺ፣ እናቷን ያስፈቀድሽው አንቺ። እኔም እህት ማለት እንዲህ ነው እያልኩ ለደንበኞቼ ሳወራ ከረምኩ። ያን ሰሞን ያንቺን ደግነት ሳይሰማ ፀጉሩን የተቆረጠ ሰው የለም።

መጀመሪያ ላይ እንዴት እንዳስቸገረች ታስታውሻለሽ። ፎቶ አንሺው ያን ቦርጩን ተሸክሞ በአሻንጉሊት ቢል፣ በከረሜላ ቢል፣ በፉጨት ቢል ወይ ፍንክች። መጋረጃው ኋላ ገብታ ጫማዋ ብቻ ነው የሚታየው። ተነሥቼ እኔም ገባሁና እኔም እፈራለሁ አልኳት በሹክሹክታ። ትልቅ ሰው ይፈራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትልቅ ሰውማ ይብሳል ብዬ ጉልበቴን አንቀጠቀጥኩላት። ትንሽ አየችኝና እጄን ይዛ፣ “ና፣ እኔ አለሁልህ” ብላ ጎትታ አወጣችኝ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመን። ትከሻዬ ላይ ወጣች፣ ምላሳችንን አወጣን፣ ጢሜን ጎተተች። ይባስ ብላ ፎቶ አንሺውን ወንበር ላይ አስቀምጣ እሷ አነሣችው። እትዬ፣ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። አንቺ ጥግ ላይ ቆመሽ ዓይንሽን በመሐረብ ስትጠርጊ አየሁና፣ ደስታ መስሎኝ የእኔም ዓይን እንባ አቀረረ።

ይሄኔ ነው አንድ ደግሞ ለብቻዋ ትነሣልኝ ያልሽው፣ ለእኔ ማስታወሻ። ነጭ ግድግዳ ፊት ቆመች። ሳቋ አልቆም አላት። ቀጥ ትበል፣ እንዳትስቅ አልሽኝ። እኔ ጅሉ የሳቀ ይሸነፋል የሚል ጨዋታ ፈጥሬ፣ ከካሜራው ኋላ ቆሜ ዓይን ለዓይን ተፋጠጥን። ፀጉሯ ሲወርድባት፣ “ጆሮዋ ይታይ” አልሽ። በኪሴ ማበጠሪያ፣ በገዛ እጄ ወደ ኋላ ሰበሰብኩላት።

እትዬ፣ እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። በየሳምንቱ አንዱ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሎ የፓስፖርት ፎቶ ልነሣ ነው፣ ጆሮዬ ይታይ ይለኛል። የስንቱን ጆሮ ገልጬ የሸኘሁ ሰው፣ የልጄን ስገልጥ ምንም አልታየኝም። አንቺ ስለነበርሽ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እነቃ ነበር። ካሜራ ፊት አልቆምም ብላ አንቺንና እናቷን ያስቸገረቻችሁን ልጅ ማን ሊያቆምላችሁ እንደሚችል ታውቂ ነበር፤ እኔን ነው የጠራሽው።

ባለፈው ቅዳሜ ልወስዳት ስሄድ በሩን የከፈተልኝ ቀለም ቀቢ ነው። እናትና ልጅ ቤቱን ለቀው ውጭ አገር ሄደዋል አለኝ፣ ብሩሹን ሳያስቀምጥ። ከዚያ ወዴት እንደምሄድ ስለጠፋኝ አብረን የተነሣነውን ትልቁን ፎቶ ልቀበል ፎቶ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ተጓዧ በሰላም ገባች ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ለብቻዋ የተነሣቻቸውን ትንንሾቹን ፎቶዎች እህትህ ያኔውኑ አስቸኩላኝ ነው የወሰደችው አለኝ። ሰላምታ መስጠቱ ነው። እኔም በሰላም ገብታለች አልኩት።

እናቷ ከእኔ ጋር ቂም አላት፤ ቢመረኝም ይገባኛል። አንቺ ግን በእናታችን ቦታ ሆነሽ ያሳደግሽኝ ነሽ። ብነግርህ ታስቀራት ነበር እንደምትይ አውቃለሁ። አዎ፣ አስቀራት ነበር።

አሁን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያን ዕለት ከፎቶ ቤት ስንመለስ አንቺ ከፊት ከፊት ትሄጂ ነበር። ልጄ ጣቴን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና፣ “አባባ፣ እኔ ሳልኖር ብትፈራስ?” አለችኝ። ጨዋታው የቀጠለ መስሎኝ፣ “ያላንቺማ እሞታለሁ” አልኳት። አልሳቀችም። ቤቷ እስክናደርሳት ጣቴን አልለቀቀችም፤ እኔ ደክሟት ነው ብዬ ነበር።

አድራሻቸውን ብጠይቅሽ ምያለሁ ትይኛለሽ፣ ስለዚህ አልጠይቅሽም። ግን እንደምትደውዪላት አውቃለሁ። ስትደውዪ ይህችን ብቻ ንገሪልኝ። አባትሽ ቀልዱን ነው፣ ብቻውንም ቢሆን አይፈራም፣ ይበላል፣ ይሠራል፣ ደኅና ይተኛል በያት። እውነት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። እኔን ዋሽተሽኛል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ እኔ ዋሺልኝ።

ጉልበትሽን ይማርልሽ። ልጆችሽን ከዓይንሽ አያርቅብሽ።

የልጅቷ አባት