የሂንጉ ብልቃጥ

ሰኞ፣ ማርች 3

ዛሬ ሽንት ቤት ሁለቴ ብቻ። በአሥር ሰዓት ሥራ ሁለቴ! ባለፈው ወር ስድስት ሰባት ጊዜ ነበር። ኮንየርስ ከተማ ያለው መጋዘናችን ደግሞ ምሕረት የለውም፤ እጃችን ላይ ያለው ስካነር የቆምንባትን ደቂቃ ሁሉ ይቆጥራል። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለብኝ። ሦስተኛው ከመጣ... ደህና ሰንብቺ ነው።

ያዳነችኝ አጠገቤ ዕቃ የምታሽገው ህንዷ ሱጃታ ናት። ሐኪሜ "አንጀትሽ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ተዪ" ስትለኝ፣ ታዲያ ምን ልበላ ነው ብዬ አልቅሼ ነበር። ሱጃታ ሳቀችብኝና አሠራሩን አስተማረችኝ። ማሾ ክክና ሩዝ አንድ ላይ፣ እርድ፣ ከሙን፣ ዝንጅብል። በሽንኩርት ፈንታ ሂንግ የሚሉት ዱቄት፣ ቁንጥር ብቻ። ሽታው... እግዚኦ! ሲበስል ግን ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ጾምም ስለሆነ ተመቸኝ።

የምታበስልልኝ ታላቅ እህቴ ፍቅርተ ናት፣ ቤት የምትውለው እሷ ስለሆነች። "እኔ ያሳደግኩትን ሆድ ህንድ ልታስተምረኝ ነው?" ትላለች። ግን ትሠራልኛለች። እግዜር ይስጣት።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ተመለሰብኝ። አምስት ጊዜ። ምን በላሁ? ያንኑ። ያንኑ!

እሑድ፣ ማርች 16

ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻልኩም። ፍቅርተ ሆዴን በሞቀ ፎጣ እያሸች፣ "ነግሬሽ ነበር ዘሪዬ፣ የህንዷ ነገር ነው" አለች። ሆዴ ባባ። እውነቷን ይሆን እንዴ?

ረቡዕ፣ ማርች 19

ተባረርኩ። አለቃዬ ነቢዩ የአገሬ ልጅ ነው፣ ዓይኔን ማየት አቃተው። "ሶሪ ዘሪቱ፣ ሲስተሙ ነው ፍላግ ያደረገሽ፣ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያሽ ነው። እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።" የመግቢያ ባጄን ሰጥቼው ወጣሁ።

ሂንጉን ለሱጃታ ላሳያት ይዤው ሄጄ ነበር። ፓርኪንጉ ላይ ጠብቄ ብልቃጡን አወጣሁና "ይሄ ነው ያስባረረኝ!" ብዬ ሰው ፊት ጮህኩባት። ብልቃጡን ተቀበለችኝ። ከፈተችው። አሸተተች። በጣቷ ነክታ ቀመሰች።

"ዘሪቱ፣ ይሄ ነጭ ሽንኩርት ነው።"

ሐሙስ፣ ማርች 20

ፍቅርተ አልካደችም። የባሰውም እሱ ነው።

"ያ ዱቄትሽ ቤቱን አገማው፣ ጣልኩት። ነጭ ሽንኩርት እኮ የሆድ መድኃኒት ነው! እናታችን በምን አሳደገችን?" ነጭ ሽንኩርት አድርቃ ፈጭታ እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ሞላችው። መቼ? "ሁለት ሳምንት ይሆናል።" ታዲያ ሆዴን ስታሺ? "የህንዷ ነው" ስትዪኝ? "እንድትተዪው ብዬ ነዋ።"

ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው... "ሥራው ይቅርብሽ፣ እኔ አለሁልሽ አይደል?"

እኔ አለሁልሽ! ቁንጥር ቁንጥር እያደረገች ከዳችኝ። ሥቃዬን ቁጭ ብላ እያየች። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ይገባኝ ነበር። እሷ ግን?

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ለሱጃታ ደወልኩ። አላነሳችም። ይፈረድባታል?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ፋሲካም አለፈ። ዶራቪል ያለው የህንድ ሱቅ ወርጄ ሂንግ ራሴ ገዛሁ። አሁን የምበላውን የማበስለው እኔ ነኝ፣ ብልቃጡም ከቦርሳዬ አይወጣም። ፍቅርተ ሳሎን ስትሆን እኔ ኩሽና፣ እሷ ኩሽና ስትገባ እኔ መኝታ ቤት። ሆድና ጀርባ ሆነናል። ሥራ እስካገኝ ነው፣ ከዚያ እወጣለሁ።

ሱጃታ ትናንት መልእክት ላከችልኝ። "ቁንጥር ብቻ። አታብዢ።" ሌላ ምንም የለውም። ደጋግሜ አነበብኩት።

ዛሬ ክሊኒክ ነበርኩ። ዶክተሯ እንደ ወትሮው አስተርጓሚ በስልክ አስገባች፣ የሴት ድምፅ፣ ትሁት።

"ሆድዎ እንዴት ነው?"

"ተመስገን፣ ዳነልኝ። በእህቴ ግን ሆዴ ሻከረ..." አመለጠኝ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

"እሱንም ልተርጉምላት?" አለችኝ አስተርጓሚዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ተዪው እህቴ። ሆድ ይፍጀው።"